የድንቹ ጠብ

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልኬት የሚወስዱባት ቢጫ ሜትር ጠዋት አንገታቸው ላይ ከወጣች ለመኝታ ካልሆነ አትወርድም። በልጃቸው ሠርግ ቀን እንኳ ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ፣ ከአዲሱ ቀሚሳቸው በላይ፣ እንደ ሐብል ተንጠልጥላ ትታያለች። ልጃቸው ፎቶውን ሲያይ በሳቅ ሊሞት ነበር። እሳቸው ግን "ታዲያ ምን አለበት? ሙሽራዋም ያደረገችው ሐብል እኮ አርቲፊሻል ነው" አሉ።

ሱቃቸው የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ትልቅ መስኮቱ መንገዱን ያያል። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት አለ። ከሱቁ ጀርባ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ማዕድ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጃቸው ከነሚስቱ የሚኖርባት ክፍል። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይመረምራሉ። "ይሄ ፍሬኑ አልቋል፤ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ነው" ይላሉ ለማንም። ማንም አይመልስላቸውም። እሳቸውም መልስ አይጠብቁም።

ምራታቸው አስተማሪ ናት። ከሰፈሩ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። እትዬ ሜትር ልጃቸው ሊያገባ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ "ምራት እንዲህ ናት፣ ምራት እንዲያ ናት" እያለ ሲያስፈራራቸው ስለከረመ፣ የፈለገው ይምጣ ብለው ተዘጋጅተው ነበር። የመጣው ግን ያልተዘጋጁበት ነገር ነው። ልጅቷ ከመጠን በላይ ጨዋ ሆነችባቸው።

እትዬ ሜትር ሲገቡ ብድግ ትላለች። የማዕድ ቤቱን ቁም ሳጥን ለመክፈት ታስፈቅዳለች። ወጡ ጨው ሲበዛበት "በጣም ይጣፍጣል" ትልና ውሃ በላዩ ላይ ትጠጣለች። ምን ይሻላል ብለው ቢጠይቋት መልሷ አንድ ነው፤ "እርስዎ እንዳሉ እማማ።" እትዬ ሜትርም በበኩላቸው ከእሷ የማይሻሉ ሆኑ። እርጥብ ፎጣዋን የሳሎን ወንበር ላይ ስትተው፣ ለልጃቸው ቢሆን ሰፈር የሚሰማ ጩኸት ይጮኹ የነበሩት ሴትዮ፣ ፎጣውን በዝምታ አንስተው ያሰጣሉ። ሁለቱም አንዷ ሌላዋን እንደ ብርጭቆ ያዘች።

"ደከመኝ እኮ" አሉ እትዬ ሜትር አንድ ቀን ለባላቸው። "ሰው በገዛ ቤቱ ስንት ጊዜ እንግዳ ያስተናግዳል?"

"አዲስ ሞተር እስኪሟሽ በቀስታ ነው የሚነዳው" አሉ ሹፌሩ። "ታገሺ።"

"አንተ ሁሉ ነገር መኪና ነው የሚመስልህ።"

"ሁሉ ነገርማ መኪና ነው።"

ልጃቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መስመር ዝርጋታ ላይ ሩቅ ስለሚውል ወደ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት ሁለቱ ሴቶችና በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ናቸው።

በዚህ መሀል በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ተቃረበ። እትዬ ሜትር ይሄን አያውቁም። ያወቁት አንድ ቀን ምራታቸውን ለምሳ ሊጠሩ ወደ ኋላ ሄደው በሩ ገርበብ ብሎ ሲያገኙት ነው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ዙሪያዋን ካርቶን፣ ማጣበቂያ፣ ቡናማና አረንጓዴ ቀለም። ካርቶኑን ጠቅልላ ልታጣብቅ ትታገላለች፤ ካርቶኑ ደግሞ በያዘችው ቁጥር ይፈታባታል።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ።

ብድግ አለች። "ምንም አይደለም እማማ። የትምህርት ቤት ነገር ነው።"

እትዬ ሜትር "እሺ" ብለው ተመለሱ። ሆዳቸው ግን ተቀየመ። ልብስ ሰፊ ባለበት ቤት፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ቆሞ፣ ልጅቷ ከገበያ ማጣበቂያ ገዝታ ተደብቃ ትለጥፋለች? ምን ያህል ብትፈራቸው ነው? ወይስ ምን ያህል ብትንቃቸው?

ምሳ ላይ ነገሩን ያወጡት ሹፌሩ ናቸው። "ምነው ልጄ፣ ጣቶችሽ እርስ በርስ ተጣበቁ እንዴ? ማንኪያውን በስንት ጣት ነው የያዝሽው?"

ልጅቷ አፈረች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። ተማሪዎቿ በወላጆች ቀን ትርኢት ያሳያሉ። ትምህርቱ አንዳንድ ተክሎች ምግብና ውሃ በግንዳቸው ውስጥ እንዴት እንደሚያጠራቅሙ ነው። በሰሌዳ ስዕል ከሚያዩት ለብሰውት ቢያዩት አይረሱትም ብላ ነው። አንዱ ልጅ ድንች ይሆናል፣ ሁለት እህትማማቾች ዝንጅብል፣ አንዲት ረጅም ልጅ ቁልቋል።

"ሽንኩርትስ?" አሉ ሹፌሩ።

"ሽንኩርት የምንበላው ቅጠሉን ነው አባባ። ግንዱ ከታች ያለችው ጠፍጣፋ ቁራጭ ናት። ሽንኩርት እሆናለሁ ብሎ ያለቀሰ ልጅ አለ።"

"ሽንኩርት ሆኖ ካላለቀሰ ምን ሆኖ ሊያለቅስ ነው" አሉና ሹፌሩ ብቻቸውን ሳቁ።

እትዬ ሜትር አልሳቁም፤ ሐሳባቸው በተደበቁበት ነገር ላይ ስለነበር ስለ ግንዱም አልሰሙም። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሥራ የበዛብዎት መስሎኝ ነው። ላስቸግርዎ አልፈለግኩም።"

"ከልብስ ሰፊ ቤት ድንች ራቁቱን ሊወጣ ነበር?" አሉ ሹፌሩ።

እትዬ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። "ነገ ልጆቹን ይዘሻቸው ነይ። የድንቹን ልኬት እንውሰድ።"

ልጆቹ መጡ፣ ተለኩ። ድንቹ ጉንጫም፣ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ወገቡ ሲለካ ይኮረኩረዋል። እትዬ ሜትር የተረፈ ቡናማ የኮት ጨርቅ ነበራቸው። ቆረጡት፣ ውስጡን በቁርጥራጭ ሞሉት፣ ክብ አድርገው ሰፉት። ምራታቸው አጠገባቸው ቆማ ታያለች። ሲጨርሱ ከሳጥን ወፍራም ክር አወጡና በዙሪያው ሁሉ እንደ ጢም ያንጠለጥሉበት ጀመር።

"ድንች ሥር አይደል? ሥሩን በደንብ እናብዛለት" አሉ ደስ ብሏቸው።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። "እ… እማማ፣ ድንች እንኳን…"

"እ?"

"አይ፣ እርስዎ እንዳሉ።"

እትዬ ሜትር ክሩን ሰፍተው ጨረሱና ጥሩ እንቅልፍ ተኙ።

በማግስቱ ከሰዓት መርፌ ሊገዙ ወጣ ብለው ሲመለሱ፣ ሹፌሩ በር ላይ የሉም፤ ከውስጥ ቆመዋል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ምራታቸው የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳለች። በእጇ ምላጭ። የድንቹ ልብስ ከፊቷ ተዘርግቷል፤ ግማሹ ጢሙ ተላጭቷል።

ለልብስ ሰፊ ስፌቱን በፊቱ ሲተረትሩበት ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ልጅቷ ደነገጠች። "ትንሽ… ትንሽ ላስተካክል ብዬ ነው እማማ።"

"ስፌቴን እየተረተርሽ? ከዚህ ቤት የወጣ ስፌት ሰው ተርትሮት አያውቅም! ጠማማ ከሆነ ጠማማ ነው በይኝ።"

"ስፌቱማ ቆንጆ ነው።"

"ታዲያ?"

"ሥሩ ነው። ሥር ሊኖረው አይገባም።"

"ድንች ሥር ነዋ! እኔ ድንች አላውቅም? ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር ሥር ካልሆነ ምንድን ነው? አበባ ነው?"

"ግንድ ነው።"

"ግንድ!" እትዬ ሜትር ወደ ባላቸው ዞሩ። "ሰማህ? ድንች ግንድ ነው! ነገ ደግሞ ካሮት ቅርንጫፍ ነው ልትል ነው።"

"ካሮት ሥር ነው" አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ከፍ እያለ ነው።

"ታዲያ ድንችን ምን ለየው? ትናንት ስሰፋው አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? አፍ የለሽም? ያን ሁሉ ክር ስሰካ ለምን ዝም አልሽ? ለምን…"

"አንቺ ደግሞ መቼ ታስጨርሺኛለሽ!"

በመንገዱ አንድ መኪና አለፈ፤ ሹፌሩ እንኳ አልሰሙትም።

ልጅቷ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። "ይቅርታ… እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ነው። እርስዎን ማለቴ…"

ሹፌሩ መላጣቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። "አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ሜትር ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደንበኛው "እርስዎ" ይላቸዋል። ጎረቤቱ "እርስዎ" ይላቸዋል። "አንቺ" የሚላቸው ባላቸውና አንድ ልጃቸው ብቻ ነው። ሴት ልጅ አልወለዱም። አሁን የሰሙት ቃል ጆሮአቸው ላይ ቆየ፤ ሊቆጡ ፈልገው ቁጣውን ፈለጉት፣ አጡት። ይልቅ ከአፋቸው ጥግ ፈገግታ ሊያመልጣቸው ሲል በጣታቸው ያዙት።

"ይቅርታውን ተይና ድንቹን ጨርሺው" አሉ። "ግንድ ነው አልሽ። አስረጂኛ።"

"እማማ፣ እርስዎ…"

"እንደጀመርሽው ቀጥይ!"

"ማርሽ ካስገባሽ በኋላ አትመልሺው" አሉ ሹፌሩ። "ጥርሱ ይሰበራል።"

ልጅቷ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ተሰማ፤ ማንንም አላስፈቀደችም። ከታች ተረስቶ ያቆጠቆጠ ድንች ይዛ መጣችና ከመቀሱና ከጠመኔው መሀል አስቀመጠችው።

"ይሄን ዓይኑን ይዩ… እዪው" አለች። "ዓይን እንለዋለን እንጂ ቡቃያ ነው። ከበታቹ ደግሞ ይቺን መስመር እዪ፣ እንደ ቅንድብ ያለችውን። ቅጠል የነበረበት ቦታ ናት። ሥር ቅጠል አያወጣም፤ በተራ የተደረደረ ቡቃያም የለውም። ይሄ ያለው ግንድ ነው።"

"ከመሬት ሥር ምን ይሠራል ታዲያ ግንድ?"

"ስንቅ ይይዛል። ተክሉ ከአፈር በታች ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ጎን ይልካል። ቅጠሎቹ ፀሐይ ላይ ሆነው የሠሩት ምግብ ወደዚያ ይወርዳል። የቅርንጫፉ ጫፍ እየተጠራቀመበት ያብጣል፣ ያብጣል፣ ድንች ይሆናል። ከላይ ያለው ሲደርቅ ይሄ ከስንቁ እየበላ በዓይኑ በኩል እንደገና ይነሳል። ዝንጅብልም እንደዚያው ነው፤ አፈር ውስጥ ተጋድሞ የሚሄድ ግንድ ነው።"

እትዬ ሜትር ድንቹን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ጠመኔ ይዘው ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው መስመር ሰረዙ። መስመሩ ድንቹን ዞሮ፣ እየወጣ፣ እንደገና ዞረ።

"እንደ ክር ጥቅል ነው የሚዞረው" አሉ።

"አዎ! ቅጠል በግንድ ላይ የሚዞረው እንደዚያ ነው።"

"ይገርማል። ዕድሜዬን ሙሉ በቢላ ዓይኑን እያወጣሁ ቡቃያ ስነቅል ኖሬያለሁ በያ።"

"ስኳር ድንችስ?" አሉ ሹፌሩ።

"እሱ ሥር ነው አባባ።"

"ይሄ እንግዲህ አድልዎ ነው" አሉና ወንበራቸውን ይዘው ወደ በራቸው ተመለሱ።

የቀረውን ጢም ሁለቱ አብረው ተረተሩት። እትዬ ሜትር ለዓይን ጥቁር ቁልፎች መረጡ፤ ከያንዳንዱ ቁልፍ በታች ጨርቁን ቆንጥጠው ቅንድብ ሰፉለት። ዓይኖቹን ከታች ወደ ላይ አዙረው ደረደሯቸው። ከሁለቱ ዓይኖች አረንጓዴ ቀንበጥ አስወጡ። ዝንጅብሉ ደግሞ አልከበዳቸውም፤ እንደ ጣት ወዲህና ወዲያ የተዘረጋ አንድ ረጅም ከረጢት፣ ሁለቱ እህትማማቾች ጭንቅላታቸውን የሚያወጡበት ሁለት ቀዳዳ ያለው።

ሁለተኛው ጠብ በቁልቋሉ መጣ። ልጅቷ በካርቶን ልትሠራው የነበረውን እትዬ ሜትር አንስተው አዩት። ቱቦ ነው።

"ይቺ ልጅ በዚህ ውስጥ እንዴት ትቀመጣለች?"

"አትቀመጥም።"

"ሽንት ቤትስ?"

ልጅቷ ይሄን አላሰበችበትም።

"ቁልቋሉ ራሱ ምን ይመስላል? በትክክል ንገሪኝ።"

"ግንዱ በውሃ የተሞላ ነው። ላዩ ሸንተረር ሸንተረር አለው። ዝናብ ሲመጣ ይጠጣና ይነፋል፣ ሸንተረሩ ይከፈታል። ድርቅ ሲሆን ያጠራቀመውን ውሃ እየተጠቀመ ይቀጥናል፣ ሸንተረሩ ይታጠፋል። ቆዳው አይቀደድም፣ አይጨማደድም።"

እትዬ ሜትር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ታዲያ ሽንሽን ነዋ! ይሄን ነገር ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ሽንሽን ቀሚስ ስሰፋ ነው ያረጀሁት።"

አረንጓዴ ጨርቅ አምጥተው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሸነሸኑት፤ ሽንሽኑን የሚሰበስብ ላስቲክ ከውስጥ አስገቡ። የለበሰችው ተማሪ ከውስጥ ክንዶቿን ስትዘረጋ ይከፈታል፣ ስታጥፍ ይገጥማል። አንዱን ሽንሽን ምራታቸው ራሷ በመኪናው ሰፋችው፤ እግሯ ፔዳሉን እየረገጠ፣ እትዬ ሜትር "ቀስ! ቀስ በይ! ጨርቁ የት ይሄድብሻል?" እያሉ። ከዚያ እሾህ የት ይሁን በሚል ተጣሉ። እትዬ ሜትር እጥፋቱ ውስጥ ይሁን አሉ፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ሲተኮስ ያስቸግራል። ምራታቸው ጫፉ ላይ ነው አለች፤ በተፈጥሮ ያለው እዚያ ነው፣ እሾህ ማለት ደግሞ ቅጠል ነው፣ ውሃ እንዳያባክን ወደ እሾህ የተለወጠ።

"ቅጠሉ እሾህ ከሆነ ምግቡን ማን ያበስላል?"

"ግንዱ ራሱ። አረንጓዴ የሆነው ለዚያ ነው።"

"ምስኪን። ጎተራውም እሱ፣ ማዕድ ቤቱም እሱ፣ ዘበኛውም እሱ" አሉ እትዬ ሜትር። "እኔን ነው የሚመስለው።" እሾሁንም ጫፉ ላይ ሰፉት።

ቅዳሜ ልጃቸው ከሥራ መጣ። እራት ተቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ ሳይውጥ ሚስቱ ወደ እናቱ ዞር ብላ "እማማ፣ ዛሬም ጨው አብዝተሻል" ስትል ሰማ። እናቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ ሚስቱን አየ።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"አንተን ምን አገባህ?" አሉ እናቱ። "የተናገረችው ለኔ። ደግሞ ጨውማ አልበዛም፤ ምላሷ ነው።"

"በዝቷል" አለች ሚስቱ።

"በዝቷል" አሉ ሹፌሩም፤ ትዳራቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የነበረ ነገር ይመስል በሙሉ ድምፅ።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። እትዬ ሜትር ከፊት ወንበር ተቀመጡ። መጀመሪያ ድንቹ ወጣ፤ ዓይኖቹን አንድ በአንድ እየጠቆመ "እኔ ሥር አይደለሁም! ግንድ ነኝ! ስንቄን ይዤ ከመሬት በታች ቁጭ ብያለሁ!" ብሎ ጮኸ። ከመጮኹ ብዛት አንዱ ቀንበጡ ተነቀለ፤ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ዝንጅብሎቹ ግንዳቸው ተጋድሞ ስለሚያድግ መድረኩ ላይ መጋደም ነበረባቸው፤ ተጋደሙ፣ ግን ሳቅ ይዟቸው ከተነገራቸው ቃል አንዱንም አላሉም። ሰው አብሯቸው ሳቀ።

ቁልቋሏ ስትወጣ ሽንሽኗ ገጥሞ እንደ ዘንግ ቀጥናለች። "ዝናብ ከመጣ ብዙ ጊዜ ሆነ። ያጠራቀምኩትን እየጠጣሁ ነው" አለች። ልጆች ከሁለቱም ጎን ሰማያዊ የወረቀት ቁርጥራጭ በላይዋ በተኑ። ልጅቷ ክንዶቿን ቀስ እያለች ዘረጋች። ሽንሽኑ አንድ በአንድ ተከፈተ፤ ከእጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ጨርቅ ወጣ፤ ቁልቋሉ ወፈረ፣ እንደገና ወፈረ። አዳራሹ "ውይ!" አለ። ጭብጨባው ስላበረታታት ልጅቷ ክንዷን ከተባለችው በላይ ለጠጠችው። ጠስ! አንዱ ስፌት ከላይ እስከ ታች ለቀቀ።

አስተማሪዋ ወዲያው ከመድረኩ ጎን ሆና "ቁልቋልም ከመጠን በላይ ውሃ ከጠጣ ይሰነጠቃል!" አለች። ሳቁና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እትዬ ሜትር ግን ጎናቸው ወደተቀመጠችው የማያውቋት ሴት ዘንበል ብለው "የለቀቀው የኔ ስፌት አይደለም" አሏት። "አንዱን እሷ ናት የሰፋችው። ልጄ። አስተማሪዋ።"

ሴትየዋ "ልጅዎ ናት? ታድለው!" አለቻቸው።

እትዬ ሜትር አላረሙም።

ሲወጡ አመሻሽ ነበር። ሹፌሩ ድንቹን፣ ዝንጅብሉንና ቁልቋሉን በአንድ ትልቅ ከረጢት ጭነው ከኋላ ይከተላሉ። ሁለቱ ሴቶች ከፊት። አዲስ ጫማ የሁለቱንም እግር ልጦታል፤ ስለዚህ በገበያው በኩል መሄድ ያሳጥራል ወይስ በድልድዩ በኩል በሚል ተያያዙ። "በድልድዩ ዳገት አለ" ትላለች አንዷ። "በገበያው ጭቃ አለ፣ አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን አታዪም?" ይላሉ ሌላዋ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ደርሰው ቆሙና ክርክሩን ቀጠሉ።

ሹፌሩ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀምጠው በላዩ ተቀመጡበት። ለስላሳ ነበር። ከርቀት አንድ ጭነት መኪና ዳገቱን እየወጣ ነው፤ ጆሮአቸውን ሰጡት። ሞተሩ ደህና ነበር።